በጅማ ለእንጨትና ለብረት ሥራ ለማጆች ከከተማ አስተዳደሩ ምን እንጠይቅ?

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የእንጨትና የብረታ ብረት ኢንተርፕራይዞች ተሰባስበን ለከተማ አስተዳደሩ የድጋፍ ጥያቄ ልናቀርብ ነው። ዕቅዱ ባጭሩ ይህ ነው፤ ትምህርት ጨርሰው ወይም አቋርጠው ሥራ ያጡ 24 ወጣቶች፣ 8 ወርክሾፖች፣ ለእያንዳንዱ ወርክሾፕ 3 ልጅ፣ 6 ወር። ግማሹ እንጨት፣ ግማሹ ብየዳ። ረቂቁ ላይ እስካሁን የሰፈረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ለወጣቶቹ የኪስ ገንዘብ፣ ለወርክሾፑ ደግሞ በተቀበለው ልጅ ቁጥር የሚታሰብ ክፍያ። ሌላ ምን ይግባ? የቱ ይውጣ? የውሉን፣ የጥሬ ዕቃውንና የቁጥጥሩን ነገር የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

ስኳድራ፦
ወንድሜ፣ “በልጅ ቁጥር” የሚለውን ቀድማችሁ አውጡት። ክፍያው በጭንቅላት ከሆነ ወርክሾፑ ማስተማር የሚችለውን ሳይሆን በሩ የሚያስገባውን ያህል ይቀበላል። ሁለት የሥራ ጠረጴዛ ያለው ቤት ስድስት ልጅ ይወስድና አራቱ ጣውላ ሲሸከሙ፣ ሰጋቱራ ሲጠርጉ ይከርማሉ።

ልኩ ባለሙያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ለአንድ ዋና ባለሙያ ከ2 ልጅ በላይ አይሁን። የመሮ አያያዝ፣ የመላጊያ ምላጭ አሳሳል እጅን ይዘው ካላሳዩት አይገባም፤ ባለሙያው ደግሞ ቀን የቆረጠለት የደንበኛ ሥራ አለበት። 8 ወርክሾፕ፣ በየቤቱ አንድ ዋና ባለሙያ ካለ፣ የምትችሉት 16 ልጅ ነው። 24 ከተባለ 12 ባለሙያ ፈልጉ። አስተዳደሩ ትልቅ ቁጥር ቢጠይቃችሁም በዚህ ጽኑ፤ 16 ሠሪ ወጥቶ ቢታይ ቀጣዩን ዙር ራሱ ቁጥሩ ያመጣዋል።

በእንጨት በኩል ቅደም ተከተሉን በዕቅዱ ላይ ጻፉት፣ አለበለዚያ እያንዳንዱ ቤት እንዳሻው ይሄዳል። አንደኛውና ሁለተኛው ሳምንት መሳል ብቻ ይሁን፤ መሮና የመላጊያ ምላጭ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ፣ ስኳድራን (የ90 ዲግሪ ማስመሪያውን) ገልብጦ በማስመር ትክክል መሆኑን መፈተሽ። ይህን የዘለለ ልጅ ወሩን ሙሉ በደነዘ ስለት ይታገልና “እንጨት አልወድም” ብሎ ይሄዳል። ቀጥሎ አንድ ፊትና አንድ ጎን ልጎ 90 ዲግሪ ማምጣት። ከዚያ ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት የወንዴና ሴቴ ማያያዣ፣ የአንዱ እንጨት ምላስ (ወንዴ) በሌላው ቀዳዳ (ሴቴ) የሚገባበት። 4 በ 6 ሴንቲ ሜትር እንጨት ላይ ወንዴው የውፍረቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ሴቴው በ12 ሚሊ ሜትር መሮ ይፈለፈላል። ለአንድ ልጅ 20 ማያያዣ ያስፈልገዋል፤ ለአንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ብታስቡ 12 ሜትር፣ ማለትም ባለ 4 ሜትሩ 3 ፍሬ። ለልምምድ ግራቪሊያ ይበቃል። ዋንዛን ለልምምድ አታባክኑት።

እንጨቱን በክረምት አትግዙ። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፣ ያኔ የሚሸጠው ጣውላ እርጥብ ነው። በእርጥብ እንጨት የተሠራ ወንዴ ዛሬ ጥብቅ ብሎ ገብቶ ሲደርቅ ይላላል፣ ልጁም ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል። በበጋ ገዝታችሁ ጣሪያ ሥር፣ በየንብብሩ መሐል ባለ 2.5 ሴንቲ ሜትር ክርክር (ቀጭን ዘንግ እንጨት) እየጣላችሁ ደርድሩት፤ ክርክሮቹ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይዋሉ።

ሰርኩላር (ክብ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ከ3ኛው ወር በፊት አይነካ። ሲነካም መሸፈኛው በቦታው ሆኖ፣ ከመጋዙ ጀርባ የተሰነጠቀው እንጨት ምላጩን እንዳይዘው የሚለያየው ብረት ገብቶ፣ ጠባብ እንጨት በእጅ ሳይሆን በመግፊያ ዱላ እየተገፋ። ብዙ ቤት ይህ ብረት ተነቅሎ ጥግ ተጥሏል። ድጋፉን ለመቀበል ቅድመ ሁኔታ አድርጉት፦ መሸፈኛና መለያያ የሌለው ሰርኩላር ያለበት ቤት ለማጅ አይቀበልም።

የውል ጉዳይ፦
በረቂቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች የተደባለቁ ይመስላል፤ ሳይለያዩ ከሄዱ አደጋ ሲደርስ ልጁ ሜዳ ላይ ይቀራል።

የኮሌጅ ተማሪ ለትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅት ሲላክ ውሉ በኮሌጁ፣ በድርጅቱና በሠልጣኙ መካከል የሚደረግ የሥልጠና ስምምነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትምህርትና ለሥልጠና ተብሎ የሚደረግን ውል ከተፈጻሚነቱ ወሰን ያወጣል፣ ለማጅን ግን በአዋጁ ሥር ያቆያል። ስለዚህ ኮሌጅ ውስጥ ያልተመዘገበ ወጣት በቀጥታ ወርክሾፕ ገብቶ ሙያ የሚለምድ ከሆነ የለማጅነት ውል ይደረግለት። ያ ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው የመንግሥት አካል መረጋገጥ አለበት፤ የሥልጠናውን ዓይነትና ርዝመት፣ በሥልጠናው ጊዜ የሚከፈለውን፣ የሥራውን ሁኔታ ይይዛል። አሠሪው ለማጁን ከሙያው ጋር በማይገናኝ ሥራ ሊያሰማራው አይችልም። ሥልጠናው ሲያበቃ የተማረውን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት የመስጠት ግዴታም አለበት። ስኳድራ ያነሱት የሸክምና የጠረጋ ነገር እንግዲህ የሕግ ጥያቄም ነው።

ዕድሜ። ከ15 ዓመት በታች አይቻልም። ከ15 እስከ 18 ያሉት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠሩም፤ የትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት እረፍት ቀንና የበዓል ሥራ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ሥራ ክልክል ነው። የሠርግ ወቅት ሲመጣ አልጋና ቁም ሳጥን ለማድረስ ሌሊት የሚሠሩ ቤቶች ይህን አስቀድመው ይወቁት።

ጉዳት። “ድርጅቱ ኃላፊነት ይወስዳል” የሚል ደረቅ ሐረግ አይበቃም። በውሉ ላይ ማን ልጁን ወደ ሕክምና እንደሚወስድ፣ የመጀመሪያውን ወጪ ማን ከኪሱ እንደሚያወጣ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ለከተማ አስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንደሚያሳውቅ ይጻፍ። ከከተማው የምትጠይቁት አንዱ ዋና ነገር ለ16ቱም በስም ዝርዝር የሚገባ የ6 ወር የቡድን የአደጋ መድን ይሁን። ፖሊሲው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ መድኑ የሚሸፍነው “ቅጥር ሠራተኛ” ብቻ ከሆነ ካሳ ሲጠየቅ “ይህ ሠልጣኝ ነው” ተብሎ ሊመለስ ይችላል። “ለማጅና ሠልጣኝ” የሚለው በግልጽ ይግባ።

ቋንቋ። ጽሕፈት ቤቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ውሉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጎን ለጎን ተጽፎ ልዩነት ቢፈጠር የትኛው እንደሚጸና አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት።

የጅሬን ልጅ፦
እናመሰግናለን፣ ይህን አላሰብነውም ነበር። አንድ ጥያቄ፦ የኮሌጅ ልጆችን ብቻ ብንወስድ አይቀልም? ውሉም ቁጥጥሩም ከኮሌጁ ጋር ይሆናል።

የውል ጉዳይ፦
ለወረቀቱ ይቀላል፣ ለዓላማው አይመችም። ሥራ ያጣው ወጣት አብዛኛው ኮሌጅ ውስጥ የለም። ግማሽ በግማሽ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለት ዓይነት ውል ግን አዘጋጁ። በአንድ ቅጽ ሁለቱን አታስፈርሙ።

ኤሌክትሮድ፦
የብየዳውን ልጨምር። የብዙ ሥልጠና መክሸፊያ ልጁ የሚያቃጥለው ኤሌክትሮድ (ልባስ ያለው የመበየጃ ዘንግ) ማጣቱ ነው። ባለቤቱ በደንበኛ ብረት ላይ ጀማሪን አያስበይድም፣ ትክክልም ነው፤ የራሱን ኤሌክትሮድ ለልምምድ አያስነድድም፣ ይህም ይገባኛል፣ ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓጉዞ የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ የከተማው ገንዘብ መጀመሪያ መግባት ያለበት እዚህ ነው።

ስሌቱን እንዲህ አቅርቡት። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 20 ኤሌክትሮድ፤ 12 ቀን ሲባዛ 240 ፍሬ። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትሩ በኪሎ ወደ 50 ፍሬ ይሆናል፤ ስለዚህ ለአንድ ልጅ 5 ኪሎ ያህል። ለ8 የብየዳ ልጆች 40 ኪሎ። ከዚያ በኋላ የተወሰነ ባለ 3.2 ይጨመር። ለልምምድ አዲስ ላሜራ አትግዙ፤ የ6 ሚሊ ሜትር ቁራጭ 5 በ15 ሴንቲ ሜትር እየተቆረጠ፣ ሁለቱም ፊት ከተበየደ በኋላ በሞላ (በሚሽከረከር የኤሌክትሪክ መሞረጃ) ተጠርጎ እንደገና ይሠራል።

በግዥ መጠየቂያው ላይ “ኤሌክትሮድ” ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ በዝቅተኛ ዋጋ አሸናፊው የሚያመጣው የሚረጭ፣ ልባሱ የሚረግፍ ዕቃ ነው። እንዲህ ጻፉ፦ ዓይነቱ ኢ6013፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 350፣ ፓኬቱ ያልተከፈተና እርጥበት ያልነካው። ሲረከቡም ከአንድ ፓኬት 3 ፍሬ አውጥቶ በ70 አምፔር ማቃጠል ነው፤ ርክክብ ላይ የማሽን ባለሙያ ይኑር፣ ንብረት ክፍል ብቻውን ይህን አይለይም። በጅማ አየር የተከፈተ ፓኬት መሬት ላይ አይቀመጥም። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ።

ልጁ መቻሉን ማወቂያ ርካሽ መንገድ አለ። ሁለቱን ቁራጭ በተገለበጠ ቲ ቅርጽ ቁሞ ካለው ብረት በአንድ ጎን ብቻ ይበይድ። ሲበርድ የቆመውን ብረት ወደተበየደው ጎን በመዶሻ ማጠፍ። ብየዳው ተከፍቶ ሲታይ ሥሩ ድረስ ከሁለቱም ብረት ጋር ቀልጦ ከተዋሐደ አልፏል። መሐል ላይ ጥቁር የጭቃ (የልባሱ ዝቃጭ) መስመር ወይም ያልቀለጠ የብረት ጠርዝ ከታየ ወይ አምፔሩ ዝቅ ብሏል፣ ወይ አርኩ (በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለው የእሳት ክፍተት) ረዝሟል፣ ወይ እጁ ሮጧል። ከላይ የሚያምር፣ ከሥር ያልያዘ ብየዳ የሚወጣው በዚህ ፈተና ነው፤ በዓይን አይታይም።

ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ጭምብል፣ መስታወቱ ቁጥር 10 ወይም 11፤ የቆዳ ጓንት፤ በሞላ ሲሠራ የሚደረግ ነጭ መነጽር። በዚንክ የተለበጠ ቱቦላሬ በተዘጋ ክፍል አይበየድም፣ ጭሱ ያተኩሳል። የዚንኩ ልባስ በሞላ ይጠረግ፣ ሥራውም በረንዳ ላይ ይሁን።

መዛኝ፦
ኤሌክትሮድ ያሉትን የማጠፍ ፈተና በ3ኛው ወር ላይ አስገቡት፣ ፈታኙም ልጁ ከሚሠራበት ቤት ውጭ ያለ ሰው ይሁን። ለእንጨት ደግሞ አንድ የወንዴና ሴቴ ማያያዣ በ90 ደቂቃ፤ ስኳድራ ሲገባበት ብርሃን የማያሳልፍ፣ ክፍተቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ያለ ኮላ ተነሥቶ የማይፈታ።

የመከታተያ ደብተሩን ነገር ማንም አላነሳም። በወሩ መጨረሻ ተሰብስቦ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ የሚፈረም የመገኘት ቅጽ ምንም አይነግራችሁም፤ ልጁ መኖሩን እንጂ ምን መሥራቱን አያሳይም። በምትኩ ለየሙያው ከ12 እስከ 15 ተግባራት ዘርዝሩ። ለምሳሌ ለእንጨት መሳል፣ መላግ፣ ማስመር፣ ወንዴና ሴቴ፣ ማጣበቅ፣ ማጠፊያና ቁልፍ መግጠም፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ቀለም። በእያንዳንዱ ፊት ሦስት ሳጥን፦ አይቷል፣ በእርዳታ ሠርቷል፣ ብቻውን ሠርቷል። ቀንና ፊርማ። ማንበብ የማይመቻቸው ጥሩ ባለሙያዎች ስላሉ ከጽሑፉ ጎን የተግባሩ ሥዕል ይሳል። ተቆጣጣሪው በ15 ቀን አንዴ ሲመጣ “ብቻውን” ከተባለው አንዱን መርጦ “እስኪ አሁን ሥራልኝ” ይበል። በዚህ አንድ ጥያቄ የውሸት ፊርማ ይጋለጣል።

ለብቃት ምዘና (ሲኦሲ) የምትመዘግቡ ከሆነ ክፍያውን በረቂቁ አካትቱ፣ ወጣቱ ብዙ ጊዜ የሚቀረው እዚያ ነው። የልጁ ስም በመታወቂያው ላይ እንደተጻፈ በፊደሉ ሳይቀር ይመዝገብ፤ የአያት ስም አጻጻፍ ተለይቶ ሰርተፍኬት ሲበላሽ ማስተካከሉ ያስለቅሳል። ምዘናው በጽሑፍና በተግባር ነው፣ ስለዚህ በእጁ ጎበዝ የሆነ ልጅ በጽሑፉ እንዳይወድቅ የመጨረሻው ወር ላይ የልኬት፣ የሥዕል ንባብና የደህንነት ጥያቄ ይለማመድ።

ለወርክሾፑ የሚሰጠው የመጨረሻ ክፍያ ልጁ ለምዘና በመቀመጡ ይሁን እንጂ በማለፉ አይሁን።

ስኳድራ፦
መዛኝ፣ በዚህ አልስማማም። በማለፍ ካልሆነ ባለቤቱ ለምን ይደክማል?

መዛኝ፦
ክፍያው በማለፍ ከታሰረ ባለቤቱ በምዝገባ ቀን ብልጡን መርጦ ይወስዳል። ድጋፉ የታሰበለት ያ ዘገም የሚለው፣ ብዙ ማሳየት የሚፈልገው ልጅ በር ላይ ይቀራል። ድካሙን የሚለካው የ3ኛው ወር ፈተናና ደብተሩ ነው። ሁለተኛውን ክፍያ በዚያ እሰሩት፤ ለምሳሌ 40 በመቶ በውሉ ጊዜ በዕቃ፣ 30 በመቶ ከ3ኛው ወር ፈተና በኋላ፣ 30 በመቶ ከምዘናው በኋላ።

ስኳድራ፦
እሺ፣ በ3ኛው ወር ልጁ ከወደቀስ ባለቤቱ ምን ይሆናል?

መዛኝ፦
የ4 ሳምንት ማካካሻ ይሰጠውና ደግሞ ይፈተን። ሁለተኛ ከወደቀ ልጁ ወደ ሌላ ቤት ይዛወር። አንዳንዴ ችግሩ የልጁ አይደለም፤ ቤቱ የሚሠራው አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ሆኖ ሌላው ተግባር አይነካም።

ሰሚራ፦
ስለ ሴት ለማጆች አንድ መስመር አላየሁም። በብየዳና በእንጨት ሴት ልጅ መቀበል የሚከብደው ጉልበቱ አይደለም። የሚከብደው ከውስጥ የሚቆለፍ መጸዳጃ አለመኖሩ፣ ብቻዋን በወንዶች መሐል መመደቧ፣ ሲመሽ መመለሷ ነው። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ መድቡ፣ በየቤቱ አንድ አንድ አትበትኗቸው። መጸዳጃው የሚቆለፍ መሆኑ ወርክሾፑ ከመመረጡ በፊት በሚሞላ የምልከታ ቅጽ ላይ ይግባ። ቅሬታ የምታቀርብበት ሰው ከወርክሾፑ ውጭ፣ ቢቻል ሴት፣ ስልኳ በውሉ ላይ የተጻፈ።

የኪስ ገንዘቡን “ለማበረታቻ” ከማለት ትራንስፖርትና ምሳ ብላችሁ ለዩት። ከኪቶ ፉርዲሳ ወይም ከቦዬ በኩል ጅማ መርካቶ አካባቢ ወዳለ ወርክሾፕ በባጃጅ የሚመላለስ ልጅ ወጪው ቀበሌው ውስጥ ከሚሠራው እኩል አይደለም። መጀመሪያ በሰፈር ቅርበት መድቡ፣ ከዚያ በርቀት ክፈሉ። ክፍያው በ15 ቀን ይሁን። የወር ክፍያ ከዘገየ ልጁ በሁለተኛው ወር ለቀን ሥራ ይሄዳል፣ እዚህ ከተማ ደግሞ በቡና ለቀማ ወራት የቀን ሥራ ቅርብ ነው።

የሳምንቱን ሰዓት ስትከፋፍሉ 4 ቀን በወርክሾፕ፣ 2 ቀን በክፍል ብትሉ ወደ 70 በ30ው (70 በመቶ በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶ በክፍል) ይጠጋል። ከክፍል ቀኖቹ አንዱ ዓርብ ቢሆን ለጁምዓ ሰላት ይመቻል። ረመዳን ከሥልጠናው ጋር ከተገናኘ ከባዱን ሥራ ጠዋት አድርጉት፤ ከሰዓት ሥዕልና ልኬት።

አዌቱ ማዶ፦
ስለ በጀቱ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጥያቄያችሁ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ሰሞን፣ እስከ የካቲት፣ ጽሕፈት ቤቱ እጅ ካልገባ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ አትገኙም። በግንቦት የሚገባ ደብዳቤ “ከመጠባበቂያ ይታይ” ተብሎ ይመራና እዚያው ያርፋል።

ሥልጠናው መቼ ይጀመር ለሚለው ታኅሣሥ 1 ጀምሮ ግንቦት 30 የሚያልቀው ይሻላል። ሐምሌ ላይ ገንዘቡ ገና አልተለቀቀም፣ ዝናቡም አለ። መስከረምና ጥቅምት ዕቃው ይገዛ። ጥር ላይ ብትጀምሩ ደግሞ ምዘናውና የመጨረሻው ክፍያ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይወድቃል፤ ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ያልተከፈለ ገንዘብ ለእናንተ አይቆይም።

የምትጠይቁትን ሁሉ ገንዘብ አታድርጉት። አስተዳደሩ በእጁ ያሉት ሌሎች ነገሮች ይበልጣሉ። አንዱ ሼድ ነው፤ በመንግሥት ሼድ የሚሠራ ኢንተርፕራይዝ ሁለት ለማጅ እንዲቀበል በኪራይ ውሉ እድሳት ላይ ማስገባት ይቻላል። ሁለተኛው ግዥ ነው። ከተማው በየዓመቱ ለትምህርት ቤት ዴስክ፣ ለቢሮ ጠረጴዛ፣ ለመስኮትና በር ሥራ ይሰጣል፤ ለኢንተርፕራይዞች የሚደረግ ልዩ አስተያየትም አለ። በሥራ ትእዛዙ ላይ “አሸናፊው ውል የተረጋገጠላቸው 2 ለማጆችን በዚህ ሥራ ላይ ያሳትፋል” የሚል አንቀጽ ከገባ ያለ ተጨማሪ ወጪ የ6 ወር ልምምድ ተገኘ ማለት ነው።

የጅሬን ልጅ፦
የዴስኩ ሐሳብ ወርክሾፖቹንም የሚስብ ነው። ግን አንዳንድ ባለቤቶች “ልጁ ለምዶ ጎኔ ላይ ይከፍታል” ይላሉ። ምን እንበላቸው?

አዌቱ ማዶ፦
ይከፍታል፣ አትከልክሉት። ባለቤቱን የሚያሳስበው ልጁ ሥራውን ለምዶ ሙሉ ጉልበት በሚሆንበት በ5ኛው ወር ላይ መሄዱ ነው። የኪስ ገንዘቡን ለሦስት ከፍላችሁ የመጨረሻውን ክፍል 6 ወሩን ለጨረሰ ብቻ ስጡ፤ ባለቤቱም ከዚያ በኋላ ቢቀጥረው ደሞዙ ስንት እንደሚሆን ከመጀመሪያው በውሉ ላይ ይጻፍ። ልጁ የሚሄደው ብዙ ጊዜ “ወደፊት እናያለን” ሲባል ነው።

ስኳድራ፦
በዴስክ ትእዛዝ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። 100 ዴስክ ማለት በመቶዎች የሚቆጠር ተመሳሳይ እግርና ማያያዣ ነው። ድግግሞሹ እጅን ይገራል፤ ግን ባለቤቱ ለፍጥነት ብሎ አንዱን ልጅ እግር ብቻ፣ ሌላውን ማለስለስ ብቻ ያሠራዋል፣ ወሩ ሲያልቅ አንዱም ሙሉ ዴስክ አያውቅም። በውሉ ላይ በየ20 ዴስኩ ልጆቹ ቦታ እንዲለዋወጡ ይጻፍ።

መቁረጫና መብሻ ሞዴሉን፣ ሁሉም እግር በእኩል ልክ የሚወጣበትን ማለቴ ነው፣ ልጆቹ ራሳቸው በባለሙያው እርዳታ ይሥሩት። ሞዴል መሥራት የቻለ ልጅ ነገ ብቻውን ትእዛዝ መቀበል ይችላል። ሞዴሉ በ2 ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ 100ውም ዴስክ በ2 ሚሊ ሜትር ይሳሳታልና የመጀመሪያው ዴስክ ተገጣጥሞ፣ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ቆሞ፣ አራቱም እግር መሬት መንካቱ ሳይረጋገጥ ሁለተኛው አይቆረጥ።

ገንዘብ ከተረፈ የመጨረሻውን ወር ለጥቂት ልጆች የጅማ በርጩማ ጠራቢ ዘንድ አድርጉት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፣ ማያያዣ የለውም፣ ስለዚህ ከዴስክ ሥራ የሚተላለፍ ችሎታ አይደለም፤ ለብቻው ይለመዳል። ግንዱ እርጥብ ሳለ ይጠረብና ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ከተተወ ከመሐሉ ይሰነጠቃል። ለዚህ የሚሆነው ዋንዛ ውድ ነው፤ ለሁለት ልጅ አንድ ግንድ አስቡ፣ ምንጩም ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ይሁን፣ አለበለዚያ መንገድ ላይ ይያዝባችኋል።